ልጁ እንዴት ወረደ?

ይህ ባለፈው እሁድ ከሰዓት ደብረ ብርሃን ውስጥ ለተሰበሰቡ ወጣት ፎቶ አንሺዎች የተናገርኩት ነው። በስልኩ ቀድቶ የላከልኝን ልጅ አመሰግናለሁ። አዳራሹ ውስጥ ተቻኩዬ ያለፍኳቸውን ጥቂት ነገሮች እዚህ ሰፋ አድርጌያቸዋለሁ፤ የቀረው እንደተነገረው ነው።

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ብርድ እሳት ዳር መቀመጥ ስትችሉ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በሰርግ ነው። የእህታችሁን ሰርግ ወይም የወንድማችሁን ምርቃት አንስቼ ሊሆን ይችላል። እንጀራዬ እሱ ነው፣ አላማርርም። ነገር ግን ሁዳዴ ሲገባ ሰርግ የለም። 55 ቀን ሙሉ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይተኛል። ከሰባት ዓመት በፊት በአንዱ ሁዳዴ ሥራ ፈትቼ መንገድ ለመንገድ ስዞር፣ ለሕንፃ መሠረት ከተቆፈረ ጉድጓድ አጠገብ፣ የተከመረ አፈር ላይ አምስት ልጆች በትንንሽ ሳይክል ሲዘሉ አየሁ። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ትርፍ ሰዓቴን ሁሉ የወሰዱት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ቢኤምኤክስ ፎቶ ነው። ስለ ሌንስና ስለ ሹተርም እናወራለን፣ ግን የመጣሁት ለአንድ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን የጠየቁኝ አንዲት እናት ናቸው። እሱ ጋ እንደርሳለን።

ቢኤምኤክስን ለማታውቁት፣ ባለ 20 ኢንች ጎማ ትንሽ ሳይክል ነው። ማርሽ አይቀያየርም። ኮርቻው በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ ምክንያቱም ነጂው አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው የሚነዳው። የተጀመረው ካሊፎርኒያ ነው፣ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ልጆች የሞተር ሳይክል እሽቅድምድም አዩ፣ ቀኑባቸው። ሞተር የለም። ያላቸውን ሳይክል ይዘው አፈር ላይ ወጡ፣ በቃ። ቀስ በቀስ ነገሩ ሁለት መልክ ያዘ። አንደኛው ከኮረብታ ላይ እኩል ተለቅቆ አፈር ትራክ ላይ መሽቀዳደም ነው፤ ይሄ በ2008 ቤጂንግ ላይ ኦሎምፒክ ገባ። ሁለተኛው ፍሪስታይል ነው፣ አየር ላይ ሳይክሉን ማዞር፣ መሪውን ማሽከርከር፣ ብረትና ደረጃ ላይ መንሸራተት። እሱ ደግሞ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ ገባ። የእኛ ልጆች ሁለተኛው ላይ ናቸው።

ስለ አፈሩ ካልነገርኳችሁ ፎቶው አይገባችሁም። ከተማችን ሕንፃ በሕንፃ እየሆነች ነው፣ ታያላችሁ። መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው አፈር ብዙውን ጊዜ መረሬ ነው። መረሬ ክረምት ላይ ጎማው ላይ እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ሲዘለልበት ጠርዙ ይናዳል። ገረጋንቲ ከተገኘ ግን በዓል ነው። ገረጋንቲ ውሃ ረጨት አድርገው በአካፋ ጀርባ ሲመቱት ይጠጥራል፣ መነሻው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ መውረጃውም ተዳፋት ሆኖ ይለሰልሳል። ልጆቹ ሦስት ቀን ይሠሩታል። ውሃ በጀሪካን ተሸክመው ያመጣሉ፣ ዘበኛውን ይለምናሉ፣ ሻይ ይገዙለታል። ከዚያ ሁለት ሳምንት ይዘሉበታል። አንድ ቀን ጠዋት ሲኖትራክ ይመጣና ጭኖት ይሄዳል። አንድም ቀን ሲያለቅሱ አላየሁም። ሌላ ጉድጓድ ፍለጋ ይወጣሉ። እኔ ግን ያ ክምር ሲጫን ሆዴን ባር ባር ይለዋል፣ ምክንያቱም የት ጋ ተንበርክኬ፣ ፀሐይዋ በየት በኩል ስትመጣ ምን እንደማነሳ ገና ማወቄ ነበር።

ሳይክሎቹን በተመለከተ፣ እውነተኛ ቢኤምኤክስ ያላቸው ሁለት ልጆች ናቸው። ከውጭ ከገባ አሮጌ ዕቃ መሐል የተገዛ ነው። የሌሎቹ ተራ የልጆች ሳይክል ነው፣ በያጅ ጋ ተወስዶ ወገቡ የተጠናከረ። ፔግ የሚባለው፣ ከጎማው መሐል ወደ ጎን የሚወጣው ቱቦ፣ የእነሱ ከውሃ ቧንቧ የተቆረጠ ነው። ኩሽኔታውን በናፍጣ አጥበው መልሰው ይገጥሙታል። ይሄን ሁሉ ፎቶ አንስቼዋለሁ፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዝላዩ ፎቶ ይልቅ ደጋግሜ የማየው እሱን ነው።

ደግሞ ስም አላቸው። ሰሜን ሸዋ የፈረስ አገር ነው፣ ይሄን ለእናንተ አልነግርም። እዚህ ቅርባችን አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነበሩ። ልጆቹ ይሄን ከትምህርት ቤት ያውቁታል፣ እና እነሱም እንደ ፈረስ ስም የሳይክል ስም ያወጣሉ። አንዱ አባ ብሎን ነው፣ ሁሌ አንድ ነገር ሲያጠብቅ ስለሚገኝ። አንዱ አባ ገረጋንቲ። ትንሹ ገና ስም አላገኘም፣ ስም የሚወጣው ሌሎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። ሲዘሉ ስሙን እየጠሩ ይጮሃሉ። ፎቶ ላይ ድምፅ አለመኖሩ የሚቆጨኝ ያኔ ነው።

እኔ የሚንቀሳቀስ ነገር ማንሳት የተማርኩትም ከፈረስ ነው። በጥምቀት ሰሞን ጉግስ ለማንሳት ወጣሁ። መቶ ያህል ፎቶ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ሳየው ጭራና አቧራ ብቻ ነው። ፈረሱ እያለፈ ነው፣ እኔ ደግሞ ሁሌ ካለፈ በኋላ ነው የምጫነው። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። አንድ አባት፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ አጠገቤ ቆመው ያዩኝ ነበር። ‹‹ልጄ፣ ፈረሱን አትይ›› አሉኝ። ‹‹ጆሮውን እይ። ከመታጠፉ በፊት ጆሮው ይነግርሃል።›› አየሁ። እውነት ነው። ጆሮው ይዞራል፣ ከዚያ አንገቱ፣ ከዚያ ገላው ሁሉ። ጆሮውን ከጠበቅህ ጊዜ አለህ።

ሳይክል ላይ ጆሮ የለም፣ ግን ሌላ ምልክት አለ። ልጁ ወደ መነሻው ሲቃረብ ፔዳሎቹን እኩል ያደርጋቸዋል፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ጉልበቱና ክርኑ ይታጠፋል፣ ወደ ሳይክሉ ይሰበሰባል። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይዘረጋል። አየር ላይ ሲሆን መጀመሪያ የሚዞረው አገጩ ነው፤ ዓይኑ መውረጃውን ፍለጋ ይሄዳል። እኔ የምጠብቀው ያን ነው። አገጩ ሲዞር ጣቴ ይወርዳል።

ጊዜውን በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ሜትር ከፍታ የሚዘል ልጅ አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሴኮንድ አይሞላም። ከዚያ ውስጥ ጫፉ ላይ፣ ማለትም ከጫፉ 10 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ላይ የሚቆየው ከሴኮንዱ ሲሶ ያነሰ ነው። ካሜራችሁ በሴኮንድ 10 ፎቶ የሚያነሳ ቢሆን እንኳን እዚያ ቦታ የምታገኙት ሦስት ገደማ ነው። ሦስቱም ላይ እጁ ፊቱን ጋርዶት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጣታችሁን ተጭናችሁ መልቀቅ አያዋጣም እላለሁ። ልጁን እወቁት፣ ሦስት አራት ጊዜ ያለ ካሜራ እዩት፣ ከዚያ አንዴ ጫኑ።

ሹተር ላይም፣ ማለትም የካሜራው መዝጊያ ተከፍቶ በሚቆይበት ጊዜ ላይም፣ እንዲሁ። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በሴኮንድ 7 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 1/1000 ሴኮንድ ላይ ካደረጋችሁት በዚያች ቅጽበት የሚጓዘው 7 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፎቶው ቀጥ ብሎ ይቆማል። 1/60 ላይ ካደረጋችሁት 11 ወይም 12 ሳንቲ ሜትር ይጓዛል፤ ካሜራውን ከልጁ እኩል ካላዞራችሁ ጭጋግ ነው የሚሆነው። እኩል ካዞራችሁ ግን ልጁ ጥርት ይላል፣ ከኋላው ያለው የቆርቆሮ አጥር መስመር በመስመር ይሆናል። ይሄን ለመልመድ ሳይክል አያስፈልግም። መንገድ ዳር ቆማችሁ ባጃጅ አንሱ። ሺህ ባጃጅ አንሱ።

ፍላሽ የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ ብዙ ካሜራ ከ1/200 ወይም ከ1/250 በፈጠነ ሹተር ከተራ ፍላሽ ጋር አይግባባም፣ የፎቶው ግማሽ ይጠቁራል። መውጫው ቀላል ነው። ፍላሹን ሙሉ ኃይል ላይ አታድርጉት። ወደ ሩብ ወይም ወደ አንድ ስምንተኛ ስታወርዱት ብልጭታው በጣም ያጥራል፣ ልጁን የሚያስቆመው ሹተሩ ሳይሆን ያች አጭር ብልጭታ ትሆናለች። ለዚህ ቀን ላይ ሳይሆን ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው የሚሠራው። ፍላሹን ደግሞ ከካሜራው አውርዱት፤ ሰው ያዝ ያድርግላችሁ።

እሺ፣ አሁን ወደ ጥያቄው።

ከአራት ዓመት በፊት ነው። ልጆቹ ሁለት ክምር ሠርተው ነበር፣ በመካከላቸው ሦስት ሜትር የሚሆን ባዶ ቦታ አለ። ከአንዱ ተነስቶ ሌላው ላይ መውረድ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዲህ ያለ ነገር አልሞከሩም። ትልቁ ልጅ፣ ያኔ 18 ዓመቱ ነበር፣ ‹‹ጋሼ፣ እኔ እሞክረዋለሁ፣ አንሳኝ›› አለ። እኔ መሬት ላይ ተኛሁ። በሆዳችሁ ተኝታችሁ በሰፊ ሌንስ ወደ ላይ ስታነሱ፣ ግማሽ ሜትር የዘለለው ሁለት ሜትር የዘለለ ይመስላል። ሰማዩ ንጹሕ ነበር። ልጁ መጣ፣ ተነሳ፣ እጁም እግሩም ጥሩ ቦታ ላይ ነበር፣ አንዴ ጫንኩ። በሕይወቴ ካነሳሁት ሁሉ የሚያምረው ነበር።

ከዚያ አልወረደም። የኋላ ጎማው የሁለተኛው ክምር ጠርዝ ላይ መታ፣ ሳይክሉ ወደ ግራ ተወረወረ፣ እሱ ወደ ቀኝ። ተነሳ፣ ልብሱን አራገፈ፣ ሳቀ። መዳፉ ተልጦ ነበር። ፎቶውን ሲያይ ‹‹ጋሼ፣ በማርያም፣ ላክልኝ›› አለ።

ላክሁለት። እኔም ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት። ፎቶው ላይ መውረጃው አይታይም፣ ከታች ቆርጬዋለሁ፣ አፈሩ ስለማያምር። ልጅ ሰማይ ላይ ነው። በአንድ ቀን የከተማው ልጅ ሁሉ አየው።

በአራተኛው ቀን ሌላ ሰፈር ያለ የ13 ዓመት ልጅ በተከራየው ሳይክል ያንኑ ቦታ ሄዶ ዘለለ። ማንም ትልቅ ሰው አልነበረም። ክንዱ ተሰበረ። ጎረቤት ‹‹ወጌሻ ይሻላል›› ይላል፣ አባቱ ‹‹ሐኪም ቤት›› ይላል፣ በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሄዶ ጀሶ ታሰረለት። ስሰማ እቤታቸው ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ፣ የምለው ጠፍቶኝ። ልጁ አልጋ ላይ ነው። እናቱ ቡና እያፈሉ ነበር። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የልጁን ስልክ አንስተው ፎቶውን አወጡና ወደ እኔ አዞሩት።

‹‹ልጄ›› አሉኝ፣ ‹‹ይሄ ልጅ እንዴት ወረደ?››

‹‹እትዬ፣ አልወረደም። ወደቀ›› አልኳቸው።

ስልኩን ዝም ብለው አዩት። ‹‹እዚህ ላይ መቼ ይላል ታዲያ?›› አሉ።

ይኸው ነው። ዛሬ እናንተ ፊት የቆምኩት በዚህ ጥያቄ ነው። ያ ፎቶ ላይ ያለው ልጅ የበረረ ነው የሚመስለው፣ እኔ ደግሞ ወድቆ አይቼዋለሁ። መውደቁን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። የ13 ዓመቱ ልጅ ያየውን አመነ፣ ምን ያድርግ?

በኋላ ሳነብና ስጠይቅ፣ በቢኤምኤክስ ዓለም ይሄ የቆየ ደንብ መሆኑን አወቅሁ። ነጂው ያልወረደው ዝላይ ፎቶው አይወጣም፣ የፈለገውን ያህል ቢያምር። መጽሔቶቹ ኃይለኛ በነበሩበት ዘመን ክብር የሚለካበት ነገር ነበር። የእኛ ልጆች አሁን የራሳቸው ቃል አላቸው። አንዱ ሲወርድ ‹‹አወረዳት!›› ይላሉ። አወረዳት ካልተባለ ካርዱ ውስጥ ያለው ፎቶ የልጁና የእኔ ብቻ ነው።

አየር ላይ ብቻ ሲታይ የወደቀውና የወረደው አንድ ናቸው። ለዚህ ከቶኪዮ የተሻለ ምሳሌ የለኝም። የሴቶች ፍሪስታይል ፍጻሜ ላይ እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ዎርዚንግተን በመጀመሪያው ዙር ወደ ኋላ እየተገለበጠች ሙሉ ዙር የምትዞርበትን ዝላይ ሞከረች። ወደቀች። ሴት በውድድር ላይ ሠርታው አታውቅም ነበር። የቀራት አንድ ዙር ነው። ሁለተኛው ላይ ሌላ ቀላል ነገር ልታደርግ ትችል ነበር፣ እሷ ግን ያንኑ ደገመችው፣ ወረደችው፣ 97.50 ነጥብ አግኝታ ወርቁን ወሰደች። አሁን አስቡት። በሁለቱ ዙሮች አየር ላይ ተገልብጣ እያለች የተነሳውን ፎቶ ጎን ለጎን ብታስቀምጡት የትኛው የወርቁ እንደሆነ ማን ይለያል? የሚለየው መሬቱ ነው። መሬቱን ከፎቶው ካወጣችሁት ታሪኩን አወጣችሁት።

ስለዚህ አሠራሬን ቀየርኩ። አሁን ወደ ኋላ እሄዳለሁ። መነሻውም፣ ልጁም፣ መውረጃውም አንድ ፎቶ ውስጥ እንዲገቡ አደርጋለሁ። ልጁ ትንሽ ይሆናል፣ እውነት ነው። ግን የሚያየው ሰው ከየት ተነስቶ የት እንደሚወርድ በዓይኑ ይለካዋል፣ ያኔ ልቡ ይመታል። በሆዴ መተኛቱን ፈጽሞ አልተውኩም። ዝላዩን ከፍ ለማስመሰል ግን አልተኛም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፣ እሱም ‹‹አንዴ ድገምልኝ›› የምትለው ቃል ናት። ሰርግ ላይ ሙሽራውን ቀለበቱን መልሶ እንዲያጠልቅ ብትጠይቁት ምንም አይሆንም። ነጂ ግን ይደክማል። ሰባተኛው ላይ ያለው ጉልበት የሁለተኛው ላይ ያለው አይደለም፣ እሱ ደግሞ ካሜራ ፊት ‹‹ደክሞኛል›› አይልም፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ጓደኞቹ ቆመዋል። ስለዚህ ድገም አልልም። ‹‹አገኘኸው?›› ሲለኝ እውነቱን እነግረዋለሁ። ‹‹አላገኘሁትም›› ካልኩት መድገሙን የሚወስነው እሱ ነው። ብዙ ጥሩ ፎቶ እንዲህ አምልጦኛል። ይሁን።

ሄልሜት ሳያደርግ የዘለለውን አላነሳም። አምስት ልጆች ሁለት ሄልሜት ነበራቸው፣ እየተቀባበሉ ነው የሚዘሉት፤ አሁን አራት አለ። ዕድሜው ያልደረሰ ከሆነ ወላጁን ሳልጠይቅ ፎቶውን የትም አልለጥፍም። ደግሞ አንድ ጊዜ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በአስፋልቱ ቁልቁል ሲወርዱ እንዳነሳቸው ለመኑኝ። እምቢ አልኩ። ያንን መንገድ ታውቁታላችሁ፣ የጭነት መኪናውን፣ ጠመዝማዛውን፣ ጉሙን። ኩርፊያው ሁለት ሳምንት ቆየ፣ አለፈ።

ጉሙን ካነሳሁ አይቀር፣ ከአስፋልቱ ራቅ ብሎ ጣርማ በር አናት ላይ ያለ ሜዳ ላይ በጉም ውስጥ አንስቻቸዋለሁ። ጉም ውስጥ ፍላሽ ካሜራው ላይ እንዳለ ብትተኩሱ የምታዩት ነጭ ግድግዳ ነው፣ ብርሃኑ ጠብታው ላይ ነጥሮ ወደ እናንተ ይመለሳል። ፍላሹን ከልጁ ኋላ ውሰዱት፣ ወደ ካሜራው እንዲያበራ። ያኔ ጉሙ ራሱ ያበራል፣ ልጁና ሳይክሉ ጥቁር ቅርጽ ሆነው ይወጣሉ፣ የጎማው ሽቦ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ያን ቀን ፍላሹን የያዘልኝ ያ ክንዱ የተሰበረው ልጅ ነው። አሁን 17 ዓመቱ ነው። መዝለሉን አልተወም፣ እናቱም ያውቃሉ።

ስለ ብርሃን ትንሽ። እኛ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ስስ ነው፣ ሰማዩ ጥልቅ ሰማያዊ ነው፣ ጥላው ደግሞ ጥቁር ነው። እኩለ ቀን ላይ ሄልሜት ያደረገ ልጅ ፊቱ ጉድጓድ ነው። በተለይ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይዋ በትክክል አናታችን ላይ ነው የምታልፈው፣ የሳይክሉ ጥላ ከሥሩ ይገባል። ያኔ ካሜራችሁን አስቀምጡና ሳይክል ሲጠግኑ እርዷቸው። ጥሩው ሰዓት ጠዋት ከ12 ተኩል እስከ 2፣ ከሰዓት ደግሞ ከ11 ሰዓት ወዲያ ነው። እኛ አገር ፀሐይ ልትገባ ስትል አታወላዳም፣ ቶሎ ትጠልቃለች፣ ሰፈሩን ቀድማችሁ እወቁት።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ አለ። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይሞታል። ሁለተኛውን ባትሪ ብብታችሁ ሥር ወይም ውስጠኛ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙት፣ የሞተውንም ስታሞቁት ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ከብርዱ ወጥታችሁ ቡና ቤት ስትገቡ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ ነው መግባት ያለባችሁ፣ አለዚያ ሌንሱ ላብ ያልበዋል።

አንድ ጠዋት እንዴት እንደሚሄድ ልንገራችሁ። ቅዳሜ ነው፣ እሁድ ቅዳሴ ስላለ። ሳሩ ነጭ ነው። አባ ብሎን ተንበርክኮ የኋላ ጎማውን በ17 ቁልፍ ያጠብቃል፣ ጣቱ ደንዝዞ ቁልፉ ያመልጠዋል፣ እስትንፋሱን እፍ ይልበትና መልሶ ይይዛል። ጭድ የጫኑ አህዮች በክምሩ ጎን ያልፋሉ፣ ባለቤታቸው ቆሞ ያያል። ፀሐይዋ የቆርቆሮውን ጫፍ ትነካለች። ልጁ ይነሳል፣ ሳይክሉን ወደ ኋላ ይወስዳል፣ ሠላሳ እርምጃ ያህል። ዝም ይላል። እኔም ዝም እላለሁ። ከዚያ የካቴናው ድምፅ ይመጣል።

ካሜራ ይዞ ከዚህ ወዴት ይደረሳል የሚል ካለ፣ ስፓይክ ጆንዝን እዩ። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ የፍሪስታይል መጽሔት ቢኤምኤክስ የሚያነሳ ልጅ ነበር። በኋላ የፊልም ዳይሬክተር ሆነ፣ በ2014 በድርሰት ኦስካር ወሰደ። እዚህ ላሉት እህቶቼ ደግሞ ዊንዲ ኦስቦርንን ልጥራላችሁ። በዚያው ዘመን ቢኤምኤክስ ምን እንደሚመስል ለዓለም ካሳዩት ፎቶ አንሺዎች ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። አባቷ መጽሔት ያሳትም ነበር፣ እሷ ካሜራ ይዛ ትራኩ ዳር ትንበረከክ ነበር። ነጂዎቹ አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው፣ ፎቶውን ግን ያነሳችው እሷ ናት። ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል መሥርታለች፤ የዓለም ፎቶ አንሺዎች ሥራ አዲስ አበባ ድረስ የመጣበት ነው። በ2016 ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ የስኬትቦርድ መጫወቻ ተሠርቷል፣ አስፋልትና ደረጃ ብቻ የነበራቸው ልጆች ኮንክሪት አገኙ። ከእኛ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ልጆቹን ይዤ ልሄድ አስቤያለሁ፣ የመኪናው ብር ሲሞላ።

ገንዘቡን በተመለከተ አልዋሻችሁም። ከዚህ ሥራ እስካሁን ሳንቲም አላገኘሁም። ሰርጉ ነው የሚከፍለው። ግን ሰርግ የማነሳበት ዓይኔ ከዚህ መጥቷል። ሙሽራዋ ልታለቅስ ስትል አሁን ቀድሜ አውቃለሁ፣ አገጯ ይነግረኛል።

ከንግግሩ በኋላ ጥያቄ ነበር። አንዲት ልጅ ከኋላ ተነስታ ‹‹እኔ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፣ ልምጣ ወይስ ካሜራ እስክገዛ ልቆይ?›› አለች። ነይ አልኳት። በስልክ የሚነሳ ከሆነ አጉልቶ ማንሳት ይቅር፣ በእግር መቅረብ ይሻላል፣ ልጁ በሚዘልበት መስመር ላይ ሳይሆን በጎን። ልጁ የሚያልፍበት ርቀት ላይ ያለ ነገር በጣት ተጭኖ ማቆየት፣ ፎከሱ እንዳይሸሽ። ፀሐይ በደንብ ስትወጣ ማንሳት፣ ስልክ ጨለማ ውስጥ ሹተሩን ስለሚያዘገየው።

ሌላው ልጅ ደግሞ ያ ፎቶ፣ የወደቀበት፣ አሁን የት እንዳለ ጠየቀኝ። ከቴሌግራም አጥፍቼዋለሁ፣ ግን የሰው ስልክ ውስጥ ያለውን ማጥፋት አልችልም። እኔ ጋ ሳይቆረጥ የመጀመሪያው አለ። መውረጃው ይታያል፣ የጠርዙ ስንጥቅ ሳይቀር። ቅዳሜ ለመጡት አሳያቸዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው የምንገናኘው። ቦታውን አሁን አልናገርም፣ ክምሩ እስከዚያ መነሳት አለመነሳቱን ዘበኛው አርብ ማታ ነው የሚነግረን። ጓንት ያዙ። አካፋ ያለው ሰው አካፋ ያምጣ።